ሕግ በሚወጣበት ሸንጎ መሣሪያ ስለ መያዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

አንበሳ በክንዱ፥ ጎሽ በቀንዱ፥ ንስር በጥፍሩ ይኖራል፤ ከእነርሱም መካከል ደካማው ለብርቱው መብል ይሆናል። ሰው ግን ደካማ ሳለ ከብርቱው ጋር በአንድ አደባባይ እኩል ለመቆም የሚችለው ሕግ ስላለው ነው። እግዚአብሔርም ለሰው አስቀድሞ ሕገ ልቡናን፥ ቀጥሎ ሕገ ኦሪትን፥ በመጨረሻም ሕገ ወንጌልን የሰጠው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ሕግ ይህን ያህል የከበረ ከሆነ ሕግ የሚመከርበትና የሚወጣበት ስፍራም የከበረ ሊሆን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪዎች ራሳቸው መሣሪያ ታጥቀው የተቀመጡበት፥ በቃል የተጀመረውንም ክርክር በዱላ፥ በሰይፍና በጥይት የፈጸሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እንመረምራለን። ሕግ ለማውጣት የተቀመጠ ሰው መሣሪያ ሊይዝ ይገባዋልን? በፍርሃት የወጣ ሕግስ ሕግ ይባላልን? በዚያ ሸንጎ የተገኘ ካህን ዝም ቢል ምን ዕዳ አለበት?

ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት ብቻ አላነሣነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ፥ ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ስፍራ የአንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል ተሰብስቦ ነበር። እኛም ጉባኤውን በጸሎት እንድንከፍትና እንድንዘጋ ተጠርተን በመካከላቸው ተቀምጠናል። አባሎቹ ከምን አለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች፥ ከበርበሬ ተራና ከሸማ ተራ ነጋዴዎች፥ ከሻይ ቤት ባለቤቶችና ከተሸካሚዎች የተውጣጡ ነበሩ። የሚመከርበትም ነገር ቀላል ይመስል ነበር፤ ይኸውም ወርኃዊ መዋጮውን ሦስት ወር ያላገባ አባል ሰው ቢሞትበት ዕድሩ ድንኳን ይትከልለት ወይስ አይትከልለት የሚል ነው። ባለጸጎቹ «የማይከፍል ከሆነ ስለ ምን ይረዳል?» አሉ። ድሆቹም «ሥራ ያጣንበት ወር ሁሉ ሙታችንን ያለ ድንኳን ያስቀርብናልን?» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ እየጋለ ሄደ። በመጨረሻ ከባለጸጎቹ አንዱ በቁጣ ብድግ ብሎ ኮቱን ገለጥ አደረገ፤ በወገቡ የታጠቀውም ሽጉጥ ለሁሉ ታየ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ መልሶም ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በጉባኤው ውስጥ ድምፅ አልተሰማም። ሰብሳቢው እጅ እንዲወጣ ጠየቀ። ጥቂት ቀደም ብሎ ሲቃወሙ የነበሩት ሁሉ እጃቸውን አነሡ፤ በቃለ ጉባኤውም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ተጻፈ። እኛም ተነሥተን አቡነ ዘበሰማያት ደግመን ጉባኤውን ዘጋን፤ ሕዝቡም አሜን አለ። በማግሥቱ ጧት ከኪዳን በኋላ አንድ በመሸከም የሚተዳደሩ ሽማግሌ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኙንና መስቀል ከተሳለሙ በኋላ «አባታችን፥ ትናንት አሜን ያልነው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለሽጉጡ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ነው፤ ዘግይቷል፥ ነገር ግን ከቶ ካለመመለስ ይሻላል ብለን ጻፍነው።

ታሪክን የተመለከተ ሰው ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል። የሮም ሰዎች በሕጋቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ የብዙ አገሮች የፍትሕ ትምህርትም ከእነርሱ የተቀዳ ነው። ዳሩ ግን ጌታ ከመወለዱ በፊት በ133 ዓመት ጢባርዮስ ግራኩስ የተባለው የሕዝብ እንደራሴ መሬት ለድሆች እንዲከፋፈል ሕግ ስላወጣ የሕግ መወሰኛው ሸንጎ አባሎች በቁጣ ተነሥተው የአግዳሚ ወንበር ስባሪ ይዘው እርሱንና ብዙ ወገኖቹን ቀጥቅጠው ገደሉ፤ ሬሳቸውንም በሌሊት ወደ ጢቤር ወንዝ ጣሉት። ዘጠና ዓመት ያህል ቆይቶ፥ ጌታ ከመወለዱ በፊት በ44 ዓመት፥ የዚያው ሸንጎ አባሎች ጩቤ በልብሳቸው ሸሽገው ገብተው ዩልዮስ ቄሣርን በጉባኤው መካከል ወጉት። ነፃነትን እናድናለን ብለው ነበር፤ የተከተለው ግን የእርስ በርስ ጦርነት፥ ቀጥሎም የአንድ ሰው አገዛዝ ነው። የመጀመሪያው የወንበር ስባሪ ሲነሣ ዝም ያለ ሸንጎ ጩቤው ሲገባ የሚከለክልበት ኀይል አላገኘም።

በአሜሪካም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ሄንሪ ፉት የተባለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በባልንጀራው በቶማስ ቤንተን ላይ በምክር ቤቱ ውስጥ ሽጉጥ መዘዘ። በ1856 ዓ.ም. ደግሞ ቻርልስ ሰምነር የተባለው አባል ባርነትን የሚነቅፍ ንግግር በማድረጉ ፕሬስተን ብሩክስ የተባለው እንደራሴ በወንበሩ ተቀምጦ ሳለ ቀርቦ በከዘራ ደጋግሞ መትቶ በደም አጠበው። የተመታው ሰው ድኖ ወደ ሥራው እስኪመለስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት። መቺው ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ 300 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት፤ ወገኖቹም አዲስ ከዘራ በስጦታ ላኩለት። በ1858 ዓ.ም. የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት በሌሊት ሲከራከር ሳለ ብዙ አባሎች በቡጢ ተያያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ጠብ ከአዳራሹ ወጥቶ የአገር ጠብ ሆነ፤ ከስድስት መቶ ሺህ የማያንስ ሰውም አለቀበት። በእንግሊዝ ምክር ቤት ግን በልብስ ማኖሪያው ክፍል ለእያንዳንዱ አባል ሰይፉን የሚሰቅልበት ጥብጣብ ተንጠልጥሎ እስከ ዛሬ ይታያል። ሰይፍ የሚታጠቅ ሰው ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆንም ጥብጣቡ አልተነሣም፤ ወደ ምክር የሚገባ ሰው ምን ትቶ መግባት እንዳለበት ያስታውሳልና።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ካልን ስለ ራሳችን መናገር ግድ ነው። በዘመነ መሳፍንት ዐዋጅ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይነገር ነበር፤ ሰይፉ ግን በመሳፍንቱ እጅ ስለ ነበረ ንጉሡ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ሰማንያ ስድስት ዓመት ያህል አገር በጉልበት ሕግ ተዳደረ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሕፈት ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በእርሱም የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ቆሙ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም በቃል የሚከራከሩበት ሸንጎ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን መንግሥት ለመለወጥ የተነሡት ሰዎች ያሰሯቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በአንድ ክፍል ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። በምክር ሊሟገቱ ይችሉ የነበሩ ሰዎች በአንድ ክፍል ተገናኝተው የተነጋገረው መትረየስ ብቻ ሆነ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በመጀመሪያ ዐዋጁ ሕገ መንግሥቱን አግዶ ምክር ቤቶቹን ዘጋ፤ ሕግ የማውጣቱንም ሥልጣን ለራሱ ያዘ። ከመቶ የሚበልጡት አባሎቹ ወታደሮችና ፖሊሶች ነበሩ፤ እንግዲህ ሕግ አውጪውና ታጣቂው አንድ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ቀን ሰባ ሦስት ቀን ሳይሞላ፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፥ ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችና መኮንኖች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በስብሰባ ውሳኔ ብቻ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ደርጉ በአባሎቹ መካከል ሥልጣንን የሚያከፋፍል ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ ከወጣ በኋላ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ሊቀ መንበሩ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፥ ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል፥ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሌሎች አባሎች ለስብሰባ በመጡበት ግቢ ተይዘው ተገደሉ። በወረቀት የተከፋፈለው ሥልጣን በጥይት ተመልሶ ለአንድ ሰው ሆነ። ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ እሳት አላመለጠችም፤ ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ከታሰሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

ይህን ማንሣታችን በሞቱት ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ለሁሉም ምሕረትን እንለምናለን። ነገር ግን ጌታችን በጌቴሴማኒ ቅዱስ ጴጥሮስን ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ ባዘዘው ጊዜ ሰይፍ የሚያነሣ በሰይፍ እንዲጠፋ መናገሩ (ማቴ. 26፥52) እንዴት ያለ እውነት እንደ ሆነ ለማየት ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ የለንም። በ1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ መግደልን በእጅ ብልጫ የወሰነ ሸንጎ በ1969 ዓ.ም. ከራሱ አባሎች መካከል «ፍርድ ቤት አቅርቡን» ሊል የሚችል ሰው ቢነሣ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። የራሱን በር ራሱ አፍርሶ ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን ጉባኤያትም ሁለቱ መንገዶች ተፈትነዋል። በ325 ዓ.ም. ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት በኒቅያ ሲሰበሰቡ ንጉሡ ቈስጠንጢኖስ ያለ ታጣቂ ወታደር ወደ ጉባኤው እንደ ገባ የዘመኑ ታሪክ ጸሓፊ አውሳብዮስ ይመሰክራል። ስንክሳራችንም በኅዳር 9 ቀን እንደሚነግረን ንጉሡ ቀለበቱን፥ ሰይፉንና በትረ መንግሥቱን አምጥቶ በአባቶች ፊት አኖረ። ከአባቶች አንዱም ያን ሰይፍ አንሥቶ አልታጠቀም፤ አርዮስን በቃልና በመጻሕፍት ረቱት እንጂ በስለት አልረቱትም። ስለዚህ የኒቅያ ሃይማኖት እስከ ዛሬ ጸሎታችን ሆኖ ይነገራል። በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ግን የሆነው ሌላ ነው። አባታችን ቅዱስ ዲዮስቆሮስ በቃል ባልተረታ ጊዜ በጥፊ ተመታ፤ ጥርሱ ወለቀ፥ ጽሕሙም ተነጨ። እርሱም ጥርሱንና ጽሕሙን ሰብስቦ የሃይማኖቱ ፍሬ ይህ መሆኑን ገልጦ ወደ ልጆቹ እንደ ላከው መስከረም 7 ቀን በመታሰቢያው እንሰማለን። ያ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፈለ፤ ከዐሥራ አምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ቍስሉ አልጠገገም። አሳብ በቡጢ ሲመታ አሳቡ አይሞትም፤ ወንድማማችነቱ ብቻ ይሞታል።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍት እንግባ። የሕግ አውጪዎች ሁሉ አለቃ ሊቀ ነቢያት ሙሴ ነው። እርሱ ግን ሕግ ለመቀበል ከመመረጡ አስቀድሞ ምን እንደ ገጠመው ልብ እንበል። አንድ ግብፃዊ ዕብራዊን ሲመታ አይቶ ግብፃዊውን ገደለ፥ በአሸዋም ሸሸገው። በማግሥቱ ሁለት ዕብራውያን ሲጣሉ አግኝቶ ሊያስታርቃቸው ወደደ። በዳዩም ማን በላያቸው ፈራጅ እንዳደረገው ጠየቀው፤ ግብፃዊውን እንደ ገደለ እርሱንም ሊገድል እንደሚፈልግ አድርጎ መለሰለት (ዘፀ. 2፥11-14)። ሙሴ የገደለው በዳይን ነው፤ አሳቡም የተጠቃውን ማዳን ነበር። ይሁን እንጂ ደም የነካ እጅ በማግሥቱ የዕርቅ ቃል ሲናገር የሚያምነው አላገኘም። እግዚአብሔርም አርባ ዓመት በምድያም በግ አስጠበቀው። ከዚያ በኋላ ወደ ሲና ሲወጣ በእጁ የያዘው ጽላት ብቻ ነበር፤ አርባ ቀንና አርባ ሌሊትም ጾመ። ሕግን ለመቀበል የሚወጣ እጅ ምን ያህል መንጻት እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

በዚያው በሲና እግዚአብሔር ስለ መሠዊያው ሲያዝዝ ድንጋዩ ብረት ያልነካው እንዲሆን፥ ብረት ከነካው እንደሚረክስ ተናገረ (ዘፀ. 20፥25)። ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ሲሠራም በስፍራው የመዶሻ ወይም የብረት ድምፅ አልተሰማም (1 ነገ. 6፥7)። ንጉሡ ዳዊትም እግዚአብሔር እንደ ልቤ ያለው ሆኖ ሳለ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ቤቱን እንዳይሠራ ተከለከለ (1 ዜና 22፥8)። ዳዊት የተዋጋው የእግዚአብሔርን ጠላቶች ነበር፤ ጦርነቱም ኀጢአት ተብሎ አልተቈጠረበትም። ቢሆንም የጦር እጅና የመቅደስ እጅ አንድ እንዳይሆኑ ፈቃዱ ነበር። ሕግ ደግሞ ሰዎች ሁሉ የሚጠለሉበት ቤት ነው፤ መሠረቱን ብረት ሊነካው አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች «ሙሴ ጥጃውን ባመለኩት ላይ ሌዋውያንን ሰይፍ አላስታጠቀምን? ጌታስ በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን በገመድ ጅራፍ አላስወጣቸውምን?» ይላሉ። የሙሴ ትእዛዝ የተሰጠው ሕጉ ከወጣና ሕዝቡም ሕጉን ካፈረሰ በኋላ ነው፤ ሰይፉም ሕግ ለማውጣት ሳይሆን የወጣውን ለማስከበር ተመዘዘ። ቅዱስ ጳውሎስም ባለሥልጣን ሰይፍ በከንቱ እንዳልታጠቀ ሲያስተምር (ሮሜ 13፥4) ክፉ አድራጊን የሚቀጣውን መናገሩ ነው። ፖሊስና ወታደር በሕግ ታዝዘው መሣሪያ ይይዛሉ፤ ሕጉን የሚያወጣው ግን መሣሪያ ከያዘ ራሱን የሚያዝዘው ማነው? የጌታም ጅራፍ ገበያውን ከመቅደስ አስወጣ እንጂ አንድን ሰው «እሺ» አሰኝቶ ድምፁን አልወሰደም። እርሱ የነፍሳችን ጌታ ሲሆን በደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ እንጂ በር የሚሰብር አይደለም (ራእ. 3፥20)።

ሌሎች ደግሞ «የነህምያ ሠራተኞች በአንድ እጃቸው ሥራ፥ በሁለተኛው ሰይፍ ይዘው ነበር» ብለው ይጠቅሳሉ (ነህ. 4፥17)። እውነት ነው፤ ግን ከዚያ ጥቂት ምዕራፎች እንለፍ። ቅጥሩ ሲሠራ ሰይፉ የተያዘው በውጭ ስላለው ጠላት ነበር። ቅጥሩ ከተፈጸመ በኋላ ሕዝቡ በውኃው በር አደባባይ ሲሰበሰብና ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ቆሞ ሕጉን ሲያነብብ ግን ሰይፍ አልተነሣም፤ ሕዝቡ ሁሉ እጃቸውን አንሥተው አሜን አሜን አሉ (ነህ. 8፥4-6)። ሁለቱም እጆች የሚነሡት ባዶ ሲሆኑ ነው። በዚያ የመርካቶ ጉባኤ እጅ ተነሥቶ ነበር፤ አሜንም ተብሏል። ነገር ግን የተነሡት እጆች ወደ ላይ የተነሡት በአንድ ወገብ ላይ ባለ ብረት ነበርና የሽማግሌው ጥያቄ እውነት ነበር።

ይህን ስንል ጉባኤ ሁሉ ድምፅ የሌለው ይሁን ማለታችን አይደለም። በኢየሩሳሌም ሐዋርያት ስለ አሕዛብ ሥርዓት ሲመክሩ ብዙ ክርክር ነበረ (ሐዋ. 15፥7)፤ መጽሐፍም ይህን አልሸሸገም። ቀጥሎ ግን ጉባኤው ሁሉ ዝም ብሎ በርናባስንና ጳውሎስን አዳመጠ (15፥12)። ከማዳመጥ የመጣ ዝምታ አለ፥ ከፍርሃት የመጣ ዝምታም አለ፤ ሁለቱ በጆሮ ሲሰሙ አንድ ናቸው፥ በእግዚአብሔር ፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ደግሞም መሣሪያ ብረት ብቻ አይደለም። በስድብ ባልንጀራውን የሚያዋርድ፥ ጠረጴዛ እየደበደበ ሌላውን የሚያስቆም፥ በገንዘቡ ወይም በወገኑ ብዛት የሚያስፈራራ ሰው ሁሉ ታጣቂ ነው፤ ቅዱስ ያዕቆብ አንደበትን እሳት ያላት፥ የሰው ቁጣም የእግዚአብሔርን ጽድቅ እንደማይሠራ ያስተማረን ስለዚህ ነው (ያዕ. 1፥20፤ 3፥6)።

አባቶቻችን ይህን በአደባባይ ኑሯቸው ያውቁት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ለቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በመንገድ ያገኙትን መንገደኛ እንኳ ዳኛ ቢያደርጉት አይከብዳቸውም ነበር። ሁለት ሰዎች ጎራዴ ተማዝዘው ሳሉ አንዲት ባልቴት በመካከል ገብታ «በሕግ አምላክ!» ብትል እጃቸውን መሰብሰብ ግዴታቸው ነበር። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። በዚህ ቃል ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ፤ ባልቴቲቱ የጠራችው የራሷን ጉልበት አይደለም፥ ዘመዶቿንም አይደለም፤ ሕግ አምላክ እንዳለው አሰበች እንጂ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የሚለውም ተረት በድህነት የተነገረ አይደለም። ሰው ብዙ ቢያጣ በእውነተኛ ሸንጎ ተሟግቶ ካጣ ይችለዋል፤ ጥቂት ቢወሰድበት በጉልበት ከሆነ ግን እስከ ልጅ ልጁ ይቆጨዋል።

ከመርካቶም ወደ ጊዮርጊስ ሲኬድ የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወራሪው ኢጣልያዊ ችሎት ሠይሞ በዚህ አባት ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። ችሎቱ ጠመንጃ ሁሉ ነበረው፤ አቡኑ መስቀል ብቻ ነበራቸው። ዛሬ የዚያን ችሎት ዳኞች ስም የሚያስታውስ ሰው ማን ነው? ባዶ እጃቸውን የቆሙት አባት ግን በየቀኑ ወደ ገበያ የሚጎርፈው ሕዝብ በፊታቸው ያልፋል። መሣሪያ የያዘ ችሎት የፈረደውን አስፈጸመ፤ ፍርዱ ፍርድ ነው ብሎ የሚያምንለት ሰው ግን አላገኘም።

በፍርሃት የወጣ ሕግ የሚደርስበትን በዚያች ዕድርም አይተነዋል። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ከጸደቀ በኋላ ዓመት ሳይሞላ መዋጮውን አራት ወር ያላገባ አንድ አባል ልጁ ሞተበት። ዕድሩ ድንኳን አልተከለም። ጎረቤቶቹ ግን ከየቤታቸው ሳንቲም አዋጥተው ድንኳን ተከራይተው ተከሉለት፤ ካዋጡትም መካከል ያን ቀን እጃቸውን ያነሡ ብዙዎች ነበሩ። ደንቡን ማንም አልሻረውም፤ ተንቆ ቀረ እንጂ። ሕግ ሰውን የሚያስረው ልብ ሲቀበለው ነው፤ በሽጉጥ የጸደቀ ሕግ ግን ሽጉጡ እስካለበት አዳራሽ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ስለዚህ ሦስተኛውን ጥያቄ፥ የካህኑን ዕዳ፥ ለመመለስ ራሳችንን መክሰስ ነበረብን። ሽጉጡን ያሳየው ሰው በአንድ ስሕተት ተሳስቷል፤ በዚያ ላይ ጸሎት የደገምነው እኛ ግን የእግዚአብሔርን ስም ለስሕተቱ ማኅተም አድርገን ሰጥተናል። ሕዝቡ ቢፈራ ሥጋውን ፈርቶ ነው፤ መስቀል የያዘ ሰው ዝም ሲል ግን ሕዝቡ ነገሩ ትክክል እንደ ሆነ ያስባል። ሕዝቅኤል የሚመጣውን ሰይፍ አይቶ መለከት ያልነፋ ጕበኛ ደም ከእጁ እንደሚፈለግ የጻፈው (ሕዝ. 33፥6) ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው።

በተከታዩ ዓመት ጉባኤ ከመክፈቻው ጸሎት በፊት ቆመን ባለፈው ዓመት ያለ ቦታው አሜን ማሰኘታችንን ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅናቸው። መሣሪያ የያዘ ቢኖር ቤቱ አኑሮ እንዲመለስ፥ እስኪመለስም እንደምንጠብቅ ተናገርን። ያ ሰው በዚያ ቀን አልመጣም ነበር። ደንቡ እንደ ገና ተከፈተ፤ ክርክሩም ከፊተኛው ይልቅ የጋለ ነበር። በመጨረሻ መዋጮ ያጓደለ አባል አስቀድሞ በሽማግሌዎች እንዲጠየቅ፥ ችግረኛ ሆኖ ከተገኘ ዕድሩ እንዲረዳው ተወሰነ። ድምፁ ተከፍሎ ነበር፤ በቃለ ጉባኤውም የተቃወሙት ቍጥር ተጻፈ። እኛም ያን ቍጥር ስናይ ደስ አለን፤ የተቃወመ ሰው ተቈጥሮ በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱ ሸንጎው ሸንጎ መሆኑን ያስረዳልና።

ኋላም ያን ሰው በቤቱ ሄደን ጠየቅነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ይዞ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዘራፊዎች ደብድበውት ስለ ነበር በፈቃድ መሣሪያ ይይዛል፤ በዚያም ቀን የተሰደበ መስሎት ነበር። ለካ እርሱም የሚፈራ ሰው ኖሯል። የራሱን ፍርሃት ለሁላችን አካፈለን፥ እኛም ተቀበልነው። ፍቅር ፍርሃትን አውጥታ እንደምትጥል ወንጌላዊው ዮሐንስ አስተምሮናል (1 ዮሐ. 4፥18)፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው መፍትሔው ማሳፈር ሳይሆን ሳይታጠቅ የሚከበርበትን ጉባኤ ማዘጋጀት ነው።

እንግዲህ ካህናት ወንድሞቻችንና ምእመናን ሆይ፥ ዕድር ይሁን ማኅበር፥ ሰበካ ጉባኤ ይሁን የአገር ሸንጎ፥ ሕግ ለማውጣት በምትሰበሰቡበት ሁሉ ሦስት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፥ ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት እጅ ሁሉ ባዶ ይሁን፤ ወደ ቅድስት ጫማችንን አውልቀን የምንገባውን ያህል ወደ ምክርም መሣሪያችንን ትተን እንግባ። ሁለተኛ፥ የተሸነፈው ወገን ድምፅ ይጻፍ፥ ቃሉም እስኪፈጸም ይደመጥ፤ ዛሬ ያላዳመጥነው ሰው ነገ የሚያዳምጠን አይሆንም። ሦስተኛ፥ ማስፈራሪያ በታየ ጊዜ ካህኑ ቀድሞ በሕግ አምላክ ይበል፤ ካልሰሙትም የመዝጊያውን ጸሎት ይከልክል። አሜን የምንለው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ አሕዛብ ሰይፋቸውን ማረሻ፥ ጦራቸውንም ማጭድ እንደሚያደርጉ ሲናገር ከዚያ በፊት ያለውን ቃል ልብ እንበል፤ አስቀድሞ ሕግ ከጽዮን ይወጣል፥ ሰይፉ ማረሻ የሚሆነውም ከዚያ በኋላ ነው (ኢሳ. 2፥3-4)። በምን አለሽ ተራ የሚያልፍ ሰው የብረት ቀጥቃጮቹን መዶሻ ከጧት እስከ ማታ ይሰማል። ከየስፍራው የተጣለ ብረት ወደዚያ ይገባል፤ ምድጃ፥ ማረሻና መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። የእኛም ልብ እንዲሁ በእግዚአብሔር ሕግ እንዲቀጠቀጥ፥ ሸንጓችንም ደካማው ያለ ፍርሃት ተናግሮ የሚገባበት እንዲሆን የሰላም አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።